ሳሉን ከዘምዘሙ ጋር አታምጡት

ደሴ ውስጥ ለሐጅ ለሚዘጋጁ ተጓዦችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከአድማጮች የተነሡትን ጥያቄዎች ግን ደስ ስላሉኝ አልነካኋቸውም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ በዚህ በበልግ ዝናብ ከሆጤም፣ ከሰኞ ገበያም፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻም የመጣችሁ አላችሁ። አላህ ይስጥልኝ። ሸኾቻችን ስለ ኢሕራሙ ልብስና ደንብ፣ ከዕባን ስለምትዞሩበት ጠዋፍ፣ በሶፋና በመርዋ መሀል ስለምትመላለሱበት ሰዕይ በሚገባ አስተምረዋችኋል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ሳል ላወራችሁ ነው።

ሳቃችሁ ይገባኛል። በሬውን ሸጦ፣ ልጁ ከዐረብ አገር የላከችለትን አጠራቅሞ፣ ስንት ዓመት «አላህ ይወፍቀኝ» እያለ የኖረ ሰው፣ ጉዞው ሲደርስ ስለ ሳል መስማት አይፈልግም። እኔም በ2011 ዓ.ም. ክረምት ስሄድ አልፈለግሁም። ሐኪም ነኝ፣ ምን እሆናለሁ አልኩ።

መካ አጠገብ ሐጃጁ በሚያድርባት ሚና፣ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ከፍራሽ ተያይዞ ነው የሚነጠፈው። ጎናችሁ የተኛው ሰው ሲተነፍስ አንገታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ኤሲው ከላይ ይነፍሳል። የደሴ ሰው ብርድ ለምዷል ቢባልም፣ ከውጭው ሐሩር ገብቶ ላቡ ሳይደርቅ እሱ ሥር ሲጋደም አጥንቱ ድረስ ይዘልቀዋል። «ዝጉት» የሚለውና «አትዝጉት» የሚለው ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ያድራሉ። በመጀመሪያው ሌሊት የሚያስሉት ጥግ ላይ የተኙ አንድ የተንታ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እኔ ከእሳቸው ስድስተኛው ፍራሽ ላይ ነኝ። ዐረፋት ውለን፣ ሙዝደሊፋ ሜዳ ላይ አድረን ስንመለስ ጎናቸው ያሉት ሁለቱ ጀምረዋል። በማግሥቱ አራተኛውና አምስተኛው። ሳሉ ፍራሽ በፍራሽ ወደ እኔ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አየሁት። በመጨረሻዋ ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያስል አልነበረም። ከደሴ ገዝቼ የሄድኩት አንድ ፓኮ ማስክ መካ ሆቴል ውስጥ፣ ሻንጣዬ ሥር፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ተቀምጧል።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው ቤቴ ስገባ ነው። ቤቱ ሞልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ አብሮ አደጉ ሁሉ ትከሻዬን ይስማል፣ እጄን ይስማል፣ «ዱዓ አድርግልን» ይላል። ከመካ ያመጣሁት የዘምዘም ውኃ በአንድ ስኒ ይዞራል። እኔ ቀመስኩና ለእናቴ ሰጠኋት፤ እናቴ ለእህቷ፤ እህቷ ለልጅ ልጇ። በየመሀሉ አስላለሁ። «ማሻአላህ፣ የሐጁ ሳል ነው፤ አብሽር» ይሉኛል፤ ሳሉን እንደ ተምርና እንደ መስገጃ ከዚያ ያመጣሁት ስጦታ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ እናቴ በሳንባ ምች ተኛች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይታ አልሐምዱሊላህ ዳነች። ከእኔ ለመያዟ የላቦራቶሪ ወረቀት የለኝም። ግን ሐኪምም ልጅም ስለሆንኩ ወረቀቱን አልፈልገውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐጃጅ ሲሰበሰብ ጥሩኝ እላለሁ።

እንግዲህ ይህ ሳል ምንድን ነው?

በሐጅ ላይ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚይዘው ሕመም የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነው። ይህ የእኔ ግምት አይደለም። ከፈረንሳይ ማርሴይ የሚነሡ ሐጃጆችን እዚያው የሚገኙ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ከመሄዳቸው በፊት ከአፍንጫና ከጉሮሯቸው ናሙና ይወስዳሉ፣ ሲመለሱም እንደገና። እ.ኤ.አ. በ2013 ከተከታተሏቸው ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ጉሮሮው ተከርክሯል፣ ወይ አስሏል፣ ወይ ንፍጥ ይዞታል። ሲሄዱ ያልነበረባቸውን ቫይረስ ይዘው የተመለሱት ብዙ ናቸው። ቀዳሚው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው፤ እኛ ጉንፋን የምንለው ዋናው ባለቤት። ከእሱ ቀጥለው የተለመዱት የጉንፋን ኮሮናዎች ይመጣሉ፤ ኮሮና ስል ያ 2012 ዓ.ም. ላይ ዓለምን የዘጋው ሳይሆን ከድሮም አብረውን የነበሩት ዘመዶቹ ናቸው። ከዚያ ኢንፍሉዌንዛ አለ።

ራይኖቫይረስ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። አንዱን ለምዳችሁ ስትጨርሱ ሌላው ይመጣል፤ ክትባት ያልተገኘለትም ለዚህ ነው። ደግነቱ ጤነኛ ሰው ላይ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ያልፋል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ሌላ ነው። ድንገት ነው የሚጥለው፤ ትኩሳቱ ይንራል፣ አጥንት ይቆረጥማል፣ ሰው አልጋ ይይዛል። አረጋዊን፣ ስኳር ወይ የልብ ሕመም ወይ አስም ያለበትን፣ ነፍሰ ጡርን ወደ ሳንባ ምች ሊወስድ ይችላል። በሐጅ ጊዜ እዚያ ሆስፒታል ከሚያስተኙት ሕመሞች የሳንባ ምች ከፊተኞቹ ነው። እኛ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው ለምን ይመስላችኋል? በ1911 ዓ.ም. አገሩን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ጭሱን ይዘን ቀረን፣ የበሽታው ነገር ግን ከልባችን ወጣ።

እዚያ ለምን ይበረታል? ሰው ስለሚበዛ ነው የሚለው መልስ ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሄድን ጊዜ ሐጃጁ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ይጠጋ ነበር። ብዙዎቻችሁ በሽታው ከዕባ ዙሪያ፣ ጠዋፍ ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተሻሽ የሚይዛችሁ ይመስላችኋል። እኔ የምፈራው ጠዋፉን ያህል ድንኳኑን፣ አውቶቡሱንና የሆቴሉን ክፍል ነው። ጠዋፍ ላይ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይለዋወጣል፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። ድንኳን ውስጥ ግን አንድ ሰው ሦስት አራት ሌሊት ፊታችሁ ላይ ይተነፍሳል። ያ ሰው ከኢንዶኔዥያ ወይም ከናይጄሪያ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የደሴ ሰው ነው፣ ጎረቤታችሁ ነው፣ አብራችሁ ከቦሌ የተነሣችሁት ነው። ድካሙን ጨምሩበት፤ በእግር ኪሎ ሜትሮች መሄድ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ሙቀት፣ የጠጡት ውኃ ማነስ። ዕድሜውንም ጨምሩበት። ከእኛ አካባቢ የሚሄደው በአብዛኛው ሽማግሌውና አሮጊቷ ነው፤ ወጣቱ ገና ብሩን እያጠራቀመ ነው።

ስለ ሙቀቱ ሌላ ሐኪም ይነግራችኋል፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ መካ ላይ መስጂደል ሐራም አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ፣ የሳዑዲ መንግሥት ራሱ ባመነው ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው የሄዱ፣ ድንኳንም አውቶቡስም ያልነበራቸው ናቸው። ስለዚህ እኔ ስለ ድንኳን መጣበብ ስናገር «እንግዲያ ከድንኳኑ ውጡ» ማለቴ አይደለም።

ወቅቱም ይለወጣል። የጨረቃው ዓመት አጭር ስለሆነ ሐጅ በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል። ዘንድሮ ግንቦት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2034 ገደማ ጀምሮ የካቲትና ጥር ውስጥ ይገባል። ያኔ ሙቀቱ ይለዝባል፤ ግን የሰሜኑ ዓለም ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታበት ወቅት ነው። የዛሬዎቹ ልጆቻችሁ ሲሄዱ የሚፈሩት ፀሐዩን ሳይሆን ጉንፋኑን ይሆናል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ከወሎ በእግር ወደ ባሕር ወርደው፣ ቀይ ባሕርን በጀልባ በሚሻገሩበት ዘመን በሐጅ የሚፈራው ኮሌራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 መካ ላይ ሺዎችን ፈጀ፤ ከሐጃጆች ጋር በመርከብ ወደ ግብፅ ተሻግሮ አውሮፓ ገባ። በዓመቱ መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው መከሩ። ከዚያ ወዲህ በ1880ዎቹ ከደቡብ የሚመጡ ሐጃጆች ጅዳ ከመድረሳቸው በፊት የየመን ጠረፍ ላይ ባለችው ከመራን ደሴት እንዲቆዩ ተደረገ። አስቡት፤ መካን ለማየት የቋመጠ ሰው ደሴት ላይ ቀን ሲቆጥር። ዛሬ እናንተ የክትባት ቢጫ ካርድ አሳዩ ስትባሉ የምታጉረመርሙት ያንን ስለማታውቁ ነው።

መርስ ስለሚባለው የሳንባ በሽታም ሳልጠየቅ ልናገር፤ ጉዳዩ ከእኛ ከወሎዎች ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅዳ ውስጥ በሳንባ ምች ከሞተ ሰው አክታ ላይ አዲስ ቫይረስ ያገኙት ግብፃዊው የቫይረስ ሊቅ ዶክተር ዐሊ ሙሐመድ ዘኪ ናቸው። በኋላ ምንጩ ግመል እንደሆነ ታወቀ። እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው 2,600 ያህል ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ እዚያው ሳዑዲ። ከሦስቱ አንዱ በላይ ሞቷል። በሐጅ ላይ ግን ሁሉም የፈራው ወረርሽኝ አልተነሣም፤ የማርሴይዎቹም ሲፈልጉት አላገኙትም። ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው? የባቲን ሰኞ ገበያ የማያውቅ እዚህ የለም። ከግመል ጋር አድገን፣ የግመል ወተት ጥሬውን ጠጥተን ነው የኖርነው። የእኛ አገር ግመሎችም የዚህ ቫይረስ ምልክት በደማቸው ውስጥ ተገኝቷል። በዚህ በኩል ሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት እዚያ ካደረሰው ጋር አይወዳደርም። እዚያ ስትሄዱ ግን «ግመል ለእኔ ወንድሜ ነው» ብላችሁ ለመንካት፣ ፎቶ ለመነሣት፣ ከመንገድ ዳር ጥሬ ወተት ለመጠጣት አትሞክሩ። ነብያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የታመመ ግመል ባለቤት ጤነኛ ግመል ወዳለበት እንዳያመጣ ከልክለዋል። በግመሉ ቦታ ሰውን አስቀምጡትና የዛሬው ንግግሬ ሁሉ እሱው ነው።

አሁን ወደ ሻንጣችሁ እንግባ። መጀመሪያ ክትባት። የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው። ክትባቱ የሚከላከለውን ማጅራት ገትር የሚያመጣው ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ የሚተላለፈው ግን እንደ ሳሉ በትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሐጃጆች ላይ ወረርሽኝ ተነሣ። በ2000 ደግሞ ሌላ ዓይነቱ ተነሥቶ ሐጃጆች ወደየአገራቸው ይዘውት ሄዱ። አራቱን ዓይነት የሚከላከለው ክትባት ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ የምንኖር ነን። ክትባቱን ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ ካርድ የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ አያለሁ፤ ካርዱ ቢገኝለትም ሰውነቱ ገና አልተዘጋጀም። የቢጫ ወባውም እንዲሁ 10 ቀን ይፈልጋል፤ አንዴ ከወሰዳችሁት ለዕድሜ ልክ ነው፣ ካርዱን አትጣሉ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በእኛ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ፣ በተለይ ስኳርና ልብ ያለባችሁ፣ አስጠይቁ፤ ካገኛችሁ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይሁን።

ማስኩስ? እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐኪም ሁልጊዜ ማስክ ይሠራል ብቻ ሲል ሰው አያምነውም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በሦስት የሐጅ ወቅቶች ከ7,000 በላይ ሐጃጆችን ሚና ላይ በየድንኳኑ ከፍለው፣ ለአንዱ ድንኳን ማስክ ሰጥተው፣ ለሌላው ሳይሰጡ ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ውጤቱ? በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያ ምን ዋጋ አለው» የሚል ይኖራል። ቆዩኝማ። ማስክ ከተሰጣቸው ውስጥ በየቀኑ ያደረጉት ከሩብ ብዙም አይበልጡም። ካልተሰጣቸው ደግሞ በራሳቸው ገዝተው ያደረጉ ነበሩ። እንግዲህ የተለካው ማስኩ ነው ወይስ የሰው ስንፍና? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የእኔም ፓኮ ሻንጣ ውስጥ ነበርና ሰውን ለመውቀስ አፍ የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ አድርጋችሁ ተኙ አልልም፣ አትችሉትም። አውቶቡስ ውስጥ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥና ሰው ሲያስል አድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን የሚያስለው ራሱ ያድርግ። አገጭ ላይ የተንጠለጠለ ማስክ ጢም ከመሸፈን በቀር ሥራ የለውም። ወንድ በኢሕራም ላይ ሆኖ ፊቱን ስለመሸፈኑ፣ ሴትም ስለ ማስኩ ያለውን ፍርድ ሸኾቻችንን ጠይቁ፤ በኮሮናው ዓመታት ሐጅ ያደረገው ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ ታዝዞ እንደነበር ግን አስታውሱ።

«ስታስሉ ክንዳችሁ ላይ» ትላለች በየጤና ጣቢያው የተለጠፈችው ፖስተር። ፖስተሯን የሳለው ሰው ኢሕራም አላየም። እጅጌ የት አለ? ጠዋፍ ላይ ቀኝ ትከሻም ራቁቱን ነው። ያም ሆኖ ክርናችሁን አጥፋችሁ እዚያ ላይ ሳሉ፤ ወይ የላይኛውን ጨርቅ ጫፍ ያዙ። ነብያችን ሲያስነጥሱ በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ፊታቸውን ይሸፍኑ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደርጉ ነበር። ሳኒታይዘር ስትገዙ ሽታ የሌለውን ፈልጉ፤ በኢሕራም ሽቶ አይነካም። ሳሙናውም፣ ሶፍቱም እንዲሁ፤ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን አሽትታችሁ ግዙ፣ አትፈሩ። ለሶላት የምንታጠበው ውዱእ ትልቅ ንጽሕና ነው፣ ግን እጅ ላይ ያለ ንፍጥ ያለ ሳሙና አይለቅም።

ድንኳን ውስጥ ደግሞ አንድ ብልሃት ልስጣችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ራስጌና ግርጌ ተፈራርቃችሁ ተኙ። የአንዱ ራስ ከሌላው እግር አጠገብ ይሁን። እግር ይሸታል ትላላችሁ፤ የእግር ሽታ ሳንባ አይገባም። የሚያስለውን ሰው ከኤሲው ሥር አታስተኙት፤ ትንፋሹን ለሁላችሁ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። በሩ ዳር አድርጉት፤ ቀን ላይ ሰው ሲወጣ መጋረጃውን ገልጣችሁ አናፍሱ። የቡድናችሁ መሪ፣ አሚራችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት እዚሁ ደሴ ላይ ይህን ይወስን። ሚና ከደረሳችሁ በኋላ ማንም ሰው ፍራሹን አይለቅም።

መድኃኒት ላይ አምርሬ ልናገር ነው። በየዓመቱ ሐጃጅ ሻንጣ ውስጥ ከማየው ሁሉ የሚያናድደኝ በፌስታል የታጨቀው አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ እናት እዚሁ ከተማ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ተሸጦላቸው፣ «ጉሮሮሽ ሲከረክርሽ ይህን፣ ካልተሻለሽ ይህን፣ እሱም ካልሠራ ይህን» ተብለው አየሁ። ጉሮሮን የሚከረክረው በአብዛኛው ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ የሚነካው ሆዳችሁን ነው፣ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለምዳል። ከዚያ እንደ እናቴ እውነተኛ የሳንባ ምች ሲመጣ መድኃኒቱ ይለግማል። ሻንጣችሁ ውስጥ ፓራሲታሞል፣ ጨውና ስኳር ያለበት በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ የዘወትር መድኃኒታችሁ ከነማዘዣው፣ አስም ላለባችሁ መንፊያው፣ ትንሽ ማር ይኑር። ማር ለሳል ደግ ነው፤ ስኳር ያለባችሁ ተዉት።

ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ምንድን ነው? ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ትኩሳት ሦስት ቀን አልለቅ ሲል፣ ተሽሎት የነበረ ሰው እንደገና ሲወድቅ፣ ሽማግሌው ነገር ሲምታታባቸው። የመጨረሻውን ልብ በሉ። አረጋዊ ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ «ዛሬ አባባ ዝም አሉ፣ ቦታውን ሳቱ» ከተባለ የሐጁ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። የሳዑዲ ሐኪም ቤቶች በሐጅ ወቅት ሐጃጅን በነፃ ያክማሉ። ቋንቋ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ያለባችሁን ሕመምና የመድኃኒቱን ስም በዐረብኛ አስጽፋችሁ አንገታችሁ ላይ ከመታወቂያው ጋር አንጠልጥሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ፤ እኔ ወደተሰናከልኩበት። ይህን የምናገረው ለሚሄዱት ብቻ አይደለም፣ ቤት ለምትቀሩትም ነው። ሐጃጅ ሲገባ አቀባበሉን ተዉ የሚል ሰው ወሎን አያውቅም፣ እኔም አልልም። ግን መስኮቱን ክፈቱት። ዕጣኑ ሰው ሲመጣ ሳይሆን ከሄደ በኋላ ይጨስ፤ ለሚያስል ሰው ዕጣንና የተዘጋ ቤት አይሆኑም። የሚያስል ሐጃጅ ማስክ አድርጎ በር ዳር ይቀመጥ፤ መሳሙ ቀርቶ እጅ ይንሣ፣ ዱዓውን ከተቀመጠበት ያድርግ። ዱዓ ርቀት አይገድበውም። አራስ ልጅ አታሳቅፉት። አሮጊቷ እናት ከሳምንት በኋላ ትምጣ ወይም እሱ ውጭ በረንዳ ላይ ያግኛት። በተመለሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ትኩሳትና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከሐጅ ነው የመጣሁት» ይሁን። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ አክታ አስመርምሩ፤ ሳል ሁሉ የሐጅ ሳል አይደለም፣ ቲቢም አለ።

ይህን ስል መካን ብቻ የማማ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ወሎ፣ መውሊድ ላይ ጀማ ንጉሥ ስንሰበሰብስ? ለዱዓ በምንሰበሰብበት ወዳጃ ላይ በሩን ዘግተን፣ ጫቱ ተይዞ፣ ዕጣኑ ተጭሶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንዘምር? ቫይረሱ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ሥራው በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደተነፈሰ መቁጠር ነው። እኛ ግን ለመካ ስንከተብ ለጀማ ንጉሥ ስለ ሳል እንኳ አናስብም።

ጊዜዬን ጨረስኩ፤ ጥያቄ ካለ።

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ስኳሩም ግፊቱም አለብኝ። ልቅር ወይ?» አሉኝ። አይቅሩ እማ፣ ግን ነገ ይምጡ አልኳቸው። ከጉዞው አንድ ወር በላይ ሲቀር ከመጡ ስኳሩን ማስተካከል ይቻላል። በመጨረሻው ሳምንት ከመጡ ግን ከምክር በቀር የምሰጠው የለም። ኢንሱሊን ለሚወጉ ሙቀት እንዳያበላሸው ቀዝቃዛ መያዣ ያስፈልጋል፤ ሻንጣ ውስጥ አስገብተው አይላኩት፣ በእጅ ይያዝ።

አንድ ሰው ከኋላ ሆነው «ዶክተር፣ ጉንፋን እኮ ከብርድ ነው፤ ኤሲውን ቢዘጉት አይቀርም?» አሉ። ብርዱ ብቻውን ቢሆን ደሴ ውስጥ ሰው ጉንፋን የማይይዘው ቀን አይገኝም ነበር አልኳቸው። ኤሲው አፍንጫንና ጉሮሮን ያደርቃል፣ ያን ጊዜ ቫይረሱ ቀላል መግቢያ ያገኛል። መዝጋት ግን በዚያ ሙቀት ሌላ ጣጣ ነው፤ ቀዝቃዛውን ቀንሱ፣ አፉን ከሰው ላይ አዙሩ። ሰውዬው አልተዋጠላቸውም። «እናቴ ብርድ መታህ ነበር የምትለኝ» አሉ፤ ሰው ሳቀ።

የመጨረሻውን የጠየቁት ፊት ለፊት የተቀመጡ፣ ሁለት ጊዜ ሐጅ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። «እሺ፣ ሁሉንም ሰማንህ። ዘምዘሙንስ? በአንድ ስኒ ሲዞር ነው በረካው የሚበዛው እያልን ኖርን እኮ» አሉኝ።

አባ፣ በረካው ያለው ውኃው ውስጥ ነው፣ ስኒው ውስጥ አይደለም አልኳቸው። እዚያው መካ ላይም በአንድ ጊዜ በሚጣል ኩባያ ነው የሚሰጡት። ደሴ ውስጥ ስኒ መች ጠፍቶ ያውቃል? ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ስኒ ደርድሩ፣ ከጀሪካኑ ትንሽ ትንሽ ቅዱ።

ትንሽ ዝም ብለው አሰቡና ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረው «ሰማሽ አይደል፣ ስልሳ ስኒ የምታጥቢው አንቺ ነሽ» አሉ። ባለቤታቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ሲመልሱላቸው ነው። «ስታስል ዘጠኝ ቀን ከማስታምምህ ስልሳ ስኒ ባጥብ ይቀለኛል።»